ወፊቱን በፎቶግራፉ ውስጥ የት እናስቀምጣት?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በፎቶግራፍ ክበብ ስም በአዳራሹ የተሰማ ንግግር)



ከትናንት ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ የሰቀልናቸውን የወፎች ፎቶግራፎች ብዙዎቻችሁ ቆማችሁ ተመልክታችሁልናል። ከተመልካቾችም ልዩ ልዩ ጥያቄ ቀርቦልናል። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ማታ በመኝታ ቤት እስክንተኛ ድረስ አነጋገሩን።

አንደኛውን የጠየቁን አንዲት እናት ናቸው። ከንስሩ ፎቶግራፍ ፊት ቆመው፥ «ልጆቼ፥ ይህን የመሰለ ንስር አግኝታችሁ ለምን ወደ ዳር ገፋችሁት? ግማሹ ወረቀት እኮ ባዶውን ቀረ» አሉን። ሁለተኛውን የጠየቀን አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በመግቢያው ላይ የለጠፍነውን ዝርዝር ቆጥሮ፥ «ዝርዝሩ 20 ይላል፤ የተሰቀለው ግን 19 ነው፤ አንዱ የት ሄደ?» አለን። ዛሬ ለሁለቱም መልስ እንሰጣለን። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ሆኖ አግኝተነዋል።

ክበባችን ሥራ የጀመረው እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች 9ኛ ክፍል ሳለን በሁለት ካሜራ ነው። አንዱ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ሁለተኛውን የአንድ አባላችን ታላቅ ወንድም አውሶናል። የመጀመሪያውን ዓመት ፎቶግራፎች ዛሬ ስናያቸው ሳቃችን ይመጣል። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ወፊቱ በትክክል መካከል ላይ ትቀመጣለች፤ ዙሪያዋን ሰማይ ወይም ቅጠል ይከባታል፤ የተኩስ ዒላማ ትመስላለች። የዚህም ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አልነበረም። ካሜራው ነገሩን አጥርቶ የሚይዝበት ነጥብ መካከሉ ላይ ነበረ፤ ወፍ ደግሞ ቆማ አትጠብቅም። ስለዚህ ነጥቡን በወፊቱ ላይ አሳርፈን ከመብረሯ በፊት ቁልፉን እንጫናለን። የምንጨነቀው ለማግኘት ብቻ ነበር እንጂ የት እንደምናስቀምጣት አናስብም። ማነጣጠርና ማየት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳነው ቆይተን ነው።

ሠዓልያን ግን ይህን ነገር ካሜራ ከመፈጠሩ በፊት አስበውበታል። ጆን ቶማስ ስሚዝ የተባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1797 ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ባሳተመው መጽሐፍ፥ በእኛ ቋንቋ «የሢሶ ደንብ» ልንለው የምንችለውን ሐሳብ ጽፏል። በሥዕሉ ውስጥ ሰማይና ምድር ቢኖሩ እኩል ለእኩል አይካፈሉ፤ አንዱ ሢሶውን፥ ሌላው ሁለቱን እጅ ይውሰድ፤ እኩል ለእኩል ከመክፈል ይልቅ ይህ የተሻለና የሚስማማ ነው ማለቱ ነው።

ዛሬ ፎቶግራፍ አንሺዎች በዚህ ደንብ የሚሠሩት እንደሚከተለው ነው። የፎቶግራፉን ክፈፍ በሁለት ቋሚና በሁለት አግድም መሥመር እኩል እኩል ይከፍሉታል። ዘጠኝ ትንንሽ መስኮቶች ይወጣሉ፤ መሥመሮቹም በአራት ቦታ ይገናኛሉ። ወፊቱን፥ ይልቁንም የወፊቱን ዓይን፥ ከአራቱ መገናኛዎች በአንዱ አጠገብ ማሳረፍ ነው። እነዚህ መሥመሮች በብዙ ካሜራዎችና በእጅ ስልኮችም መስተዋት ላይ እንዲታዩ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ካሜራ የሌለው ተማሪ በአባቱ ወይም በእናቱ ስልክ ሊለማመደው ይችላል።

ነገር ግን ከአራቱ መገናኛዎች የትኛው ነው? ይህን የምትወስነው ወፊቱ ናት። አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ንስሩ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በደረቀ ዛፍ ላይ የተቀመጠ ዓሣ አዳኝ ንስር ነው። ራሱና ደረቱ ነጭ፥ ሆዱ ቀላ ያለ ቡናማ፥ ክንፉ ጥቁር ነው። በዚያ ጧት ፊቱን ወደ ግራ፥ ወደ ውኃው አዙሮ ነበር። እኛም በቀኝ በኩል ባለው ሢሶ ላይ አቁመን ግራውን ተውንለት። እንግዲህ ያ ቦታ ባዶ አይደለም፤ ንስሩ የሚያየው ሐይቅ ነው። ምግቡ ከዚያ ይመጣል፤ በሚቀጥለው ደቂቃ የሚበርረውም ወደዚያ ነው። በመስኮት አሻግሮ በሚመለከት ሰው ፊት ግድግዳ ብናቆምበት ይጨንቀዋል፤ የሚያየውንም ሰው ያስጨንቃል። ንስሩን ወደ ግራው ጠርዝ ብናስጠጋው ኖሮ ያደረግንበት ይህንኑ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርታችን፥ ወፊቱ ለምታይበት ወገን ቦታ መተው ነው።

ይህን ደንብ እንደ ሸምዳጅ የያዝነው ጊዜ ግን አንዲት ትንሽ ወፍ አሳፈረችን። በሐይቁ ላይ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነች ዓሣ አጥማጅ ወፍ አለች። ይህች ወፍ ዓሣ ስትፈልግ በአየር ላይ በአንድ ቦታ ክንፏን እያርገበገበች ትቆማለች፤ ምንቃሯንም ቁልቁል ወደ ውኃው ታደርጋለች። እኛ ግን እንደ ተማርነው በስተግራዋ ሰፊ ቦታ ትተን፥ ከታች ጠርዙ ሊነካት ሲል አነሣናት። ፎቶግራፉ ወጥቶ ስናየው አንድ ነገር ቅር አለን፤ ምን እንደ ሆነ ግን ወዲያው አላወቅነውም። በኋላ የሥዕል መምህራችን፥ «እስቲ የምታየው ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁን። የምታየው ወደ ታች ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከላይኛው ሢሶ ላይ አድርገን ታቹን ለቀቅንላት። አሁን ተመልካቹ ከእርሷ ጋር አብሮ ውኃውን ይመለከታል፤ መቼ ትወረወር ይሆን ብሎ ይጠብቃል። ደንቡን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ደንቡ ለምን እንደ ተሠራ ማወቅ ሌላ ነው።

በምትበርር ወፍም ነገሩ ያው ነው። ከበስተፊቷ ያለው ቦታ ከበስተኋላዋ ካለው መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ከግድግዳ ጋር ልትጋጭ የምትሄድ ትመስላለች። ክንፏን ዘርግታ ስለምትበርርም ከመጀመሪያው ሰፋ አድርጎ መያዝ ይሻላል። የተረፈውን ቦታ በኋላ መቁረጥ ይቻላል፤ የተቆረጠ የክንፍ ጫፍ ግን ተመልሶ አይቀጠልም።

ወፍን መካከል ላይ ማድረግ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም። አሞራ ገደል ከሚባለው የዓሣ ገበያ ያነሣነውን የአባ ኮዳ ፎቶግራፍ አይታችኋል። አባ ኮዳ ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ተኩል የሚደርስ፥ ራሱ መላጣ፥ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ ነው። የዓሣውን ትራፊ ለማግኘት ከዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ አጠገብ ሲቆም፥ ካፖርት ለብሰው ጉዳያቸውን የሚጠብቁ ሽማግሌ ይመስላል። ያነሣነው አባ ኮዳ ፊት ለፊት ቆሞ በቀጥታ ተመለከተን፤ ክንፎቹም በግራና በቀኝ እኩል ወርደው ነበር። እርሱን ወደ ዳር ማድረግ አልሆነልንም። ፊት ለፊት የሚያይና ሁለት ወገኑ እኩል የሆነ ነገር መካከሉን ይፈልጋል። እንዲሁም ውኃው ጸጥ ብሎ የወፊቱ መልክ ከታች እንደ መስተዋት በሚታይበት ጊዜ፥ ወፊቱን ከላይ፥ ጥላዋን ከታች አድርጎ አድማሱን በመካከል ማሳለፍ ያምራል።

አሁን ስለ ጠርዝ ጥቂት እንናገር። በውኃ ላይ በተንሳፈፉ ቅጠሎች ላይ የምትራመድ ጃካና የምትባል ወፍ አለች። ጣቶቿ እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቷን አሰራጭተው ቅጠሉ እንዳይሰጥም ያደርጋሉ። እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ወንዱ ነው። እኛ መጀመሪያ ስናነሣት ራሷንና ጀርባዋን በትልቁ አገኘን ብለን ደስ ሲለን እግሯን ቆርጠነው ነበር። የጃካና ጣት የሌለበት የጃካና ፎቶግራፍ፥ ገበሬን ያለ ሞፈሩ እንደ ማሳየት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ከመጫናችን በፊት ዓይናችንን በአራቱም ጠርዝ እናዞራለን፤ ጅራቱ ተቆርጧልን? እግሩ አለን? የሐይቁ አድማስስ በወፊቱ አንገት ላይ እንደ ቢላዋ አልፏልን? ብለን እንጠይቃለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ «መካከል አድርጋችሁ አንሡና በኋላ በኮምፒዩተር ቁረጡት» ይሉናል። ይህም መልካም ዘዴ ነው፤ እኛም እንሠራበታለን። ነገር ግን ዋጋ አለው። ካሜራችን አንዱን ፎቶግራፍ በወርድ 6000 በቁመት 4000 ነጥብ አድርጎ ይይዘዋል፤ ይህም 24 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። ወርዱንና ቁመቱን በግማሽ ብንቆርጠው 3000 በ2000 ይሆናል፤ ይኸውም 6 ሚሊዮን ነጥብ ብቻ ነው። ግማሹን የቆረጥን መስሎን ከአራት ሦስቱን እጅ ጥለናል። እንደ ዛሬው በትልቅ ወረቀት ለማተም ሲፈለግ ጉድለቱ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው መሣሪያ ግን እግር ነው። ወፊቱን በክፈፉ ውስጥ ወደምንፈልገው ቦታ የምናመጣት እኛ ራሳችን ተንቀሳቅሰን ነው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብንሄድ ከራሷ ላይ የበቀለ የሚመስለው የመብራት ምሰሶ ከጀርባዋ ይወጣል። ከቆምንበት ወርደን በሆዳችን ብንተኛ ዓይናችን ከዓይኗ ጋር ይስተካከላል። ከላይ ወደ ታች ያነሣናት ዳክዬ የተጣለ ነገር ትመስላለች፤ በእኩል ከፍታ ያነሣናት ግን ባለቤት ሆና ትታያለች። የትምህርት ቤት ልብሳችንን በጭቃ ስላበላሸን ልብስ አጣቢዎቹን እናቶቻችንን በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ብርሃኑንም ቢሆን የምናገኘው በእግራችን ነው። ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ናት። ስለዚህ ጧት በ12 ሰዓት ተኩል በዳርቻው ቆመን ወደ ውኃው ስንመለከት ፀሐይ ከጀርባችን ትሆናለች፤ ብርሃኑ በወፎቹ ፊት ላይ ያርፋል፤ ዓይናቸውም ያበራል። ማታ ግን ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስለምትጠልቅ ወፎቹ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆነው ይታያሉ። ያን ጊዜ የላባው መልክ ስለማይታይ፥ የአንዱ ምንቃር በሌላው ጀርባ ላይ እንዳይደረብ እያንዳንዱን ነጥሎ ማሳየት ያስፈልጋል።

ወፊቱን ትልቅ አድርጎ ማሳየትም ግዴታ አይደለም። ባለፈው ዓመት ወደ ዝዋይ ሐይቅ ለጉብኝት በሄድን ጊዜ፥ የአንዷን ይብራ ምንቃር ብቻ ክፈፉን ሞልተን አነሣን። ቀጥሎም ራቅ ብለን ይብራዎቹን፥ ጀልባዎቹንና መረባቸውን የሚያራግፉትን ሰዎች በአንድ ላይ አነሣን። በሁለተኛው ፎቶግራፍ ይብራዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ከታችኛው ሢሶ ውስጥ ናቸው፤ ሆኖም የት እንደሚኖሩና ከማን ጋር እንደሚኖሩ ይናገራል። ወላጆች ሁሉ ቆመው ያዩት ይህን ሁለተኛውን መሆኑን አስተውለናል።

ከእኛ በፊት የነበሩትም ይህን ጥበብ በብዙ ድካም አግኝተውታል። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1892 እንቁላል ያለበትን የወፍ ጎጆ ፎቶግራፍ አነሡ። ወፎች እንዳይሸሿቸውም ውስጡ ባዶ የሆነ የበሬ ቅርጽ ሠርተው፥ የበሬ ቆዳ አልብሰው፥ ካሜራቸውን ይዘው በሆዱ ውስጥ ይደበቁ ነበር። ኤሪክ ሆስኪንግ የተባለውም አገራቸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1937 በሌሊት ወደ መደበቂያው ሲሄድ ጎጆዋን የምትጠብቅ ጉጉት መትታው አንድ ዓይኑን አጣ፤ ሆኖም በቀረችው ዓይኑ ዕድሜውን ሙሉ ወፎችን ሲያነሣ ኖረ። የኪርተን ወንድማማቾች ራሳቸውን በሬ አደረጉ እንጂ ወፊቱን ወደ እነርሱ ነይ አላሏትም።

አሁን ስለ ሃያኛው ፎቶግራፍ የምንናገርበት ጊዜ ደረሰ።

ባለፈው ሚያዝያ ከመኝታ ቤቶቹ በስተጀርባ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ አንዲት ዋኖስ ጎጆ ሠርታ አገኘናት። የዋኖስ ጎጆ ጥቂት ጭራሮ የተነባበረበት እንጂ እንደ ሌሎች ወፎች ጎጆ የተደራጀ አይደለም። በውስጡ ሁለት ነጫጭ እንቁላሎች ነበሩ። ዋኖሷ ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ብርሃኑ መልካም ነው፤ ከጀርባዋ ያለው ቅጠል ለስላሳ አረንጓዴ ሆኗል። ነገር ግን ሁለት ቅርንጫፎች ከፊቷ አልፈው አንዱ ዓይኗን ይጋርድ ነበር። ወደ ግራ ሄድን፤ ይጋርዳል። ወደ ቀኝ ሄድን፤ ይጋርዳል። ተኛን፤ አሁንም ይጋርዳል። ለበዓሉ ኤግዚቢሽን የሚሆን ፎቶግራፍ ስንፈልግ ስለ ነበረ ትዕግሥታችን አለቀ። ከመካከላችን አንዱ እጁን ሰድዶ ሁለቱን ቅርንጫፎች ሰበራቸው። ማን እንደ ሰበረ አንናገርም፤ ምክንያቱም ሁላችን ቆመን አይተናል፤ ማናችንም ተው አላልንም።

ዋኖሷ በርራ ሄደች። ጥቂት ቆይታ ተመለሰችና ተቀመጠች። ፎቶግራፉንም አነሣን። ዓይኗ በትክክል በቀኙ ሢሶ ላይ ነው፤ የምታይበት ወገን ተለቅቋል፤ ጅራቷ አልተቆረጠም። እስከዚያ ቀን ካነሣነው ሁሉ የበለጠ ሆነ። እየዘለልን ወደ ክፍላችን ሄድን።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ስንመለስ ጎጆው ተንጋድዶ ነበር። የእንቁላል ቅርፊት ከሣሩ ላይ ወድቋል። ዋኖሷ በኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። የግቢያችን አትክልተኛ አባታችን ከአጥሩ ሥር ሲኮተኩቱ ስለ ነበር ምን እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። «ቁራ ነው። ረፋድ ላይ መጥቶ ሁለቱንም ወሰደ» አሉን። ከዚያም የተሰበሩትን ቅርንጫፎች አይተው፥ «ልጆች፥ ይህ ቅጠል እኮ መጋረጃዋ ነበር» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ አልተቆጡንምም። ቢቆጡን ኖሮ ይቀለን ነበር።

ይህን ፎቶግራፍ እንስቀል ወይስ አንስቀል በሚለው ነገር ክበባችን ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶቻችን፥ «እንቁላሉ እንደ ሆነ አንዴ ጠፍቷል፤ ፎቶግራፉ ግን ያምራል፤ የሚያውቅብንም የለም» አልን። ሌሎቻችን፥ «እኛ እናውቃለን» አልን። ዝርዝሩ ከታተመ በኋላም ክርክሩ አላለቀም ነበር። በመጨረሻ ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሲል ከግድግዳው አወረድነው። ቁጥሩ 20 ሆኖ ፎቶግራፉ 19 የሆነው ስለዚህ ነው። የጠየቅኸን ወንድማችን፥ መልሱ ይህ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ አላቸው ያልነው በዚህ ምክንያት ነው። ለንስሩ በወረቀቱ ላይ ቦታውን ተውንለት፤ ፎቶግራፉም አማረ። ለዋኖሷ ግን በወረቀቱ ላይ ቦታ ትተን በቁጥቋጦው ውስጥ ቦታዋን ነጠቅናት። አንዱ ያለ ሌላው ከንቱ መሆኑን ያን ጊዜ አልገባንም ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ስለ ቸኮልን የዋኖሷ እንቁላል በእግሩ ሳይሄድ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ክበባችን ሦስት ደንብ አውጥቷል፤ እኛ ዘንድሮ ስለምንሰናበት ለታናናሾቻችን አደራ እንሰጣቸዋለን። አንደኛ፥ ፎቶግራፍ በእግር እንጂ በእጅ አይስተካከልም፤ ቅጠል አይሰበርም፤ ድንጋይ አይወረወርም፤ ወፍ እንድትበርር አትደነግጥም። ሁለተኛ፥ ታቅፋ የተቀመጠች ወፍ ከተገኘች ጎጆዋን አንቀርብም፤ ቦታውንም ለሰው አናመለክትም። ሦስተኛ፥ አላመች ያለውን ፎቶግራፍ ትቶ መሄድ እንደ ሥራ ይቆጠራል፤ ባዶ እጁን የተመለሰ አባል አይሳቅበትም።

በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከነዚህ ውስጥ በዚህ ግቢ አጥር ሥር፥ በዚያ ሐይቅ ዳር፥ ካሜራ ሳይኖረን ገና በዓይናችን ብቻ ልናያቸው የምንችላቸው ብዙ ናቸው። ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጆቻችሁ ቅዳሜ ጧት ከመኝታቸው ቀድመው ወደ ሐይቁ ቢሮጡ አትከልክሏቸው። ጭቃ ይዘው ቢመለሱም ጥቂት ታገሡን።

ዋኖሷ በሰኔ ወር ከዚያው ቁጥቋጦ ራቅ ብሎ ባለው ግራር ላይ ሌላ ጎጆ ሠርታ አይተናል። ያችው ትሁን ሌላ መለየት አልቻልንም። ከሩቅ ቆመን ተመለከትናት። ሁለት ቅርንጫፎች ፊቷን ጋርደውት ነበር። አላነሣናትም።